እጃችሁን ሰብስቡ

"እጃችሁን ሰብስቡ" ያለን አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ወር። ከተባለ ሰንበትበት ብሏል፤ እኔ ግን ከጆሮዬ አልወጣልኝም። ማዕድ ሲቀርብ ይመጣብኛል። የጎረቤት ልጅ ወድቆ እናቱ ስትበር ሳይ ይመጣብኛል። እንግዲህ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ሚጣ የእህቴ ልጅ ናት። 7 ዓመቷ ነው። (ቤት ውስጥ ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት፤ የክርስትና ስሟን የሚያስታውሱት የንስሐ አባታችን ብቻ ይመስሉኛል።) ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ ጎኗ ደከም ይላል። እግሯ ብዙም አያስቸግራትም፤ ትንሽ ትጎትተዋለች እንጂ ትሮጣለች። እጇ ግን ክርኗ ላይ ታጥፎ፣ አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ገብቶ፣ ደረቷ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚውለው። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። አንጎል ገና እያደገ ሳለ፣ በማሕፀን ወይም በወሊድ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት ነው። አንጎል ላይ ያለው ጉዳት እየባሰ አይሄድም። ጡንቻው ግን ካልሠሩበት ያጥራል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል።

እኛ ቤት መጀመሪያ የተባለው "ለክፏት ነው" ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ተወሰደች። ሸንኮራ ዮሐንስም ደርሳለች። ወጌሻም በቅቤ አሽቷታል። ይሄን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ እናቴ ዛሬም ጸበሉን ከቤት አታጣም፣ ባለሙያውም ጸበሉን ተዉ አላለንም። ብቻ ሚጣ ለትምህርት ተብሎ ከአያቷ ጋር ከሞላሌ እኔ ዘንድ ደብረ ብርሃን መጣችና ያን ቀን ሁላችንም ተያይዘን ሄድን። እህቴም ለዚሁ ብላ፣ ሲከፈት ሲዘጋ በከረመው መንገድ፣ በጣርማ በር በኩል መጥታለች።

አምስት ጠጠር

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ትልቅ ኳስ፣ ሁለት ትይዩ ብረት፣ ግድግዳው ላይ መስታወት። እናቴ እንደገባች የሚጣን ጫማ ማውለቅ ጀመረች። ከዚህ በፊት በሄድንበት ሌላ ቦታ የለመድነው እሱን ነበራ። ልጅቷ ትጋደማለች፣ ባለሙያ እጇን ይስባል፣ እኛ ቆመን እናያለን፣ ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት።

"ይተዉላት እማማ፣ ጫማዋን" አለና ቁጢጥ ብሎ በሚጣ ቁመት ልክ ሆነ። "በዚህ እጅሽ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?" አላት፣ ቀኝ እጇን በጣቱ ነካ አድርጎ።

እናቴ ቀደመች። "አይ ዶክተር፣ እሷ ምን ታውቃለች ብለህ። ብቻ እስክሪብቶ መያዝ ብትችልልን።"

"ዶክተር አይደለሁም እማማ። እሷን ነው የጠየቅኳት።"

ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ሚጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ዝምታው ሲረዝም እህቴ ወንበሯ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረች፤ አንድ ነገር በያት ዓይነት እኔን ታየኛለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች "ቅልብልቦሽ" አለች።

እናቴ ሳቀች። ለቅልብልቦሽ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መንገድ? ባለሙያው ግን አልሳቀም። ብድግ ብሎ ወጣ። ሲመለስ መዳፉ ላይ አምስት ጠጠር አለ። ከግቢው ነው የለቀማቸው፤ አንዱ ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም። ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው። ከመሳቢያው ወፍራም የሱፍ ካልሲ አወጣና በሚጣ ግራ እጅ፣ በደህነኛው ላይ፣ እስከ ክርኗ አጠለቀላት። "ይቺ ትረፍ። ተራው የዚያችኛዋ ነው።"

የሚጣ ቀኝ እጅ መጀመሪያ ወደ ጠጠሩ አልሄደም፤ ወደ ላይ ነው የወጣው። ትከሻዋ ተነሳ፣ ክርኗ ይበልጥ ታጠፈ፣ ምላሷ ከከንፈሯ ጫፍ ብቅ አለ። ከዚያ እጇ እንደምንም ወረደና ወለሉን ጠረገ። ጠጠሩ ሸሸ። ደገመችው። አውራ ጣቷ አሁንም መዳፏ ውስጥ እንደተቀበረ ነው፤ በእጇ ጎን ወደ ጉልበቷ ልትስበው ስትል ጠጠሩ ተስፈንጥሮ እናቴ እግር ሥር ደረሰ።

እናቴ ጎንበስ አለች። እህቴ ከወንበሯ ተነሳች። እኔም እጄን ሰደድኩ። ሦስታችንም እኩል።

"እጃችሁን ሰብስቡ።"

አልጮኸም። ግን ሦስታችንም ቀጥ አልን። "ጠጠሩ የሷ ነው። ሄዳ ታምጣው" አለ፣ ዓይኑን ከልጅቷ ሳይነቅል።

ሚጣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ሄደች። እናቴ እግሯን እንኳ ማንሳት ፈርታ ደርቃ ቆማለች። ልጅቷ ብዙ ታገለች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ፣ በዚያ ብርድ። በመጨረሻ ጠጠሩን በጠቋሚና በመሃል ጣቷ መሃል ሰነቀረችውና አነሳችው። ወደ ላይ አልወረወረችውም፣ አልቀለበችውም። ያነሳችው አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል። ከዚያ እኛን ዞራ አላየችንም። ባለሙያውን አየችና "ሌሎቹንስ?" አለችው።

በሰዓት 17 ጊዜ

እኔን የቆረቆረኝ የጠጠሩ ነገር ብቻ አይደለም። የሦስታችን እጅ እኩል መዘርጋቱ ነው። ማንም አላዘዘንም፣ አልተመካከርንም። ለ7 ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው ማለት ነው፤ አንድ ነገር ከሚጣ እጅ ሲወድቅ መሬት ሳይነካ የሚቀልብ ሰው ከጎኗ አይጠፋም። ሰው ሲያየን "እንዴት ያለ ቤተሰብ ነው" ይላል። ፍቅር ነው፣ አልካድኩም። ግን ልጅቷ በ7 ዓመት ውስጥ ስንት ጠጠር ራሷ ሄዳ አመጣች?

ኬረን አዶልፍ የምትባል የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አለች፤ ሕፃናት መራመድን እንዴት እንደሚማሩ ስታጠና ነው የኖረችው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች እንደልባቸው ሲጫወቱ በቪዲዮ ቀርጸው እርምጃቸውን ቆጠሩ። መራመድ የጀመረ ሕፃን በአማካይ በአንድ ሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳል። 700 ሜትር ያህል ይሄዳል። 17 ጊዜ ይወድቃል።

በሰዓት ነው ያልኩት። ነቅቶ የሚጫወትበትን የቀን ሰዓት እናንተ አባዙት። ማንም አያሠለጥነውም፣ ቀጥ ያለ መስመርም አይሄድም። ይዞራል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። መራመድን የሚማረው በብዛት ነው፣ በየዓይነቱ ነው፣ በመውደቅ ነው። እንግዲህ አንጎሉ የተጎዳ ልጅ አንድን እንቅስቃሴ ለመማር ከሌላው የበለጠ ድግግሞሽ ያስፈልገዋል። የሚደርሰው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም እኛ አለንለት። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል ቤታችን የሚመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ሚጣን እያየ። ይሄዳል፣ ቢለቁት።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል፤ ቡና ላይ የማይቀር ወሬ ስለሆነ። "የኔ በ9 ወሩ ሄደ፣ ያንቺስ?" የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መለኪያ እንደሚለው ልጅ ያለድጋፍ የሚራመደው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በጣም ሰፊ ነው። በአራት እግሩ ሳይድህ ቀጥ ብሎ የሚሄድም አለ፤ ከ100 አራቱ ያህል። ስለዚህ በጎረቤት ልጅ መለካት ትርፉ ጭንቀት ነው። ዓመት ተኩል ሆኖት ካልተራመደ ግን ማሳየት ነው።

ሌላው ምልክት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁለቱንም እጁን እኩል ነው የሚጠቀመው። ከዚያ በፊት አንዱን ብቻ ከመረጠ፣ ሌላኛው ምን ሆኖ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሚጣ ገና ሳትድህ ጀምሮ ዳቦ ሲሰጧት በግራዋ ብቻ ነበር የምትቀበለው። ቤተሰቡ "ግራኝ ወለድን" ብሎ ሲስቅበት ከረመ።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ በጣም የገረመኝ ኤስተር ቴለን የምትባል ተመራማሪ ያገኘችው ነገር ነው። አራስ ልጅን ብብቱን ይዘው ቀጥ ሲያደርጉትና እግሩን መሬት ሲያስነኩት እርምጃ የመሰለ ነገር ያደርጋል። አያቶች ያውቁታል፤ "ሊሄድ ነው ባንዳፍታ" ብለው ይስቃሉ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይጠፋል። አንጎሉ እየበሰለ ስለሄደ ነው የጠፋው ይባል ነበር። አሜሪካዊቷ ቴለን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሕፃናቱን ከወገብ በታች ውሃ ውስጥ አድርጋ ያዘቻቸው። እርምጃው ተመለሰ። ለካ አንጎል አይደለም፤ እግራቸው ወፍሮ ጡንቻቸው ሊያነሳው ስላልቻለ ነው።

ይሄን ሳነብ የታየኝ የመንዝ ሕፃን ነው። ሹራብ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ፣ ሲመሽ ደግሞ ባና። በዚያ ብርድ ምን ይደረግ? አንቀልባውን አልነካም፤ እንዲያውም እግሩን ከፍቶ ጀርባ ላይ መታቀፉ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጥሩ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ የዋለ ልጅ መቼ ነው እግሩን የሚያወናጭፈው? ፀሐዩም ያው ነው። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ራቁት ቆዳ ሲያገኝ ነው፤ ጋቢውን ማሞቅ ለልጁ አጥንት አይጠቅምም። ደጋ ላይ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር፣ ልጅ ሪኬትስ በሚባለው አጥንት የሚያላላ በሽታ እግሩ ሲጎብጥና መራመዱ ሲዘገይ ያናድዳል። ብርድ ረገብ በሚልበት ሰዓት እጅና እግሩን ገልጦ ማሞቅ ምንም ወጪ የለውም።

ሥራ የፈታ እጅ

ወደ ካልሲው ልመለስ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከጀርባው ብዙ ዓመት የተለፋበት ነገር አለ። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ያስተዋለው ነገር ነው። አንድ እጅ ሲደክም ሰው በደህናው ይሠራል፤ ይቀለዋላ። ደካማው ሲሞክር አይሳካለትም፣ ስለዚህ መሞከር ያቆማል። ከቆይታ በኋላ ሊችል የሚገባውን እንኳ አይሞክርም፤ አለመጠቀምን ተምሯል። ሕክምናው መጀመሪያ ስትሮክ ለመታቸው አዋቂዎች ነው የተሠራው። ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት አስረው ደካማውን በብዛት ያሠሩታል። ኋላ ለልጆችም ሆነ።

አንዳንዱ ይሄን አንብቦ ነገ የልጁን እጅ እንዳያስር እንጂ። ባለሙያ ሰዓቱን ለክቶ፣ ልጁ የሚወደውን ጨዋታ መርጦ የሚያደርገው ነው። ቅጣት ከመሰለው ልጁ ያለቅሳል፣ ያ እጅም ይባስ ይጠላል። ለሚጣም ካልሲው በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁለቱንም እጇን አንድ ላይ የሚያሠራ ነገር ይከተላል። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባል የለ? ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ላይ ማጨብጨቡ ራሱ አንዱ ልምምዷ ነው።

ስለ ማሸቱም ጠየቅኩት። አይጎዳም፣ ዘና ያደርጋል፣ አለኝ፤ እጅ ግን ተጋድሞ ሲስቡለት ሥራ አይለምድም። ቤት ገብቼ ሳነብ አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ ይሄንኑ ብለዋል። የሴሬብራል ፓልሲ ሕክምናዎችን በሙሉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2020 እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እያሉ ደረጃ ሰጥተዋቸዋል። አረንጓዴ ያገኙት ልጁ ራሱ የመረጠውን ሥራ እየደጋገመ የሚሠራባቸው፣ በቤት ውስጥ በቤተሰብ የሚቀጥሉ፣ ሁለት እጅን የሚያሠሩ ናቸው። ልጁ ዝም ብሎ ተኝቶ ሌላ ሰው እጅና እግሩን የሚስብባቸው ብዙም ውጤት አልታየባቸውም።

የኛ ቤት ትልቁ ጣጣ ግን ቅልብልቦሽ አልነበረም። እንጀራ ነው። በኛ አገር በግራ እጅ ይበላል እንዴ? ሚጣ ቀኟ አይታዘዛትም፤ በግራዋ ስትዘረጋ ደግሞ "ነውር ነው" ትባላለች፣ በተለይ እንግዳ ካለ። እናቴ መፍትሔ ነው ብላ ያመጣችው ጉርሻ ነው። ልጅቷ እጇን ሳትሰድ፣ ማንም ሳይስቅባት፣ ጠግባ ትነሳለች። 7 ዓመት ሙሉ። አስቡት እንግዲህ፤ እንጀራ መቁረስ በቀን ሦስቴ የሚመጣ ልምምድ ነው። በጣቶች መጫን፣ መቅደድ፣ ወጡን መጠቅለል፣ ወደ አፍ ማድረስ። ለቀኝ እጅ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የቱ ባለሙያ ይፈጥራል? እሱን ነው ከነክብሩ የነጠቅናት።

አሁን ሚጣ የራሷ ትንሽ ሳህን አላት። እንጀራው በቀላሉ እንዲቀደድ ትናንት የተጋገረ አይሰጣትም፤ ወጡም ወፈር ያለ ሽሮ ነው፣ እንዳይንጠባጠብ። በግራዋ ጠርዙን ትይዛለች፣ በቀኟ ትቀድዳለች። በግራ መንካቱ ነውር የነበረው እናቴ ዘንድ ነው፤ አሁን "እሷ መድኃኒቷ ነው" ትላለች ለእንግዳ። የሚጣ ነጠላ በሽሮ ይበላሻል። ምሳ ለመጨረስ ትዘገያለች። እናቴ ግን ዛሬም እጇን ታነሳና መልሳ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንዳንዴም እኔ ዞር ስል አንድ ጉርሻ ጣል ታደርግባታለች፣ አውቃለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እላታለሁ። "አፌን አታስከፍተኝ፣ አንተንም እንዲህ ነው ያሳደግኩህ" ትለኛለች።

ኮሪደሩ ላይ

ሁሉም ልጅ ሚጣ አይደለም። ይሄን ካልጻፍኩ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሌላ ቀን ኮሪደሩ ላይ ከሸዋ ሮቢት የመጣ አባት አገኘሁ። ከቆላ እንደመጣ ስስ ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያለችውን ጋቢ ልጁን አልብሶታል። ልጁ 5 ዓመቱ ነው። አንገቱ ገና አልጸናም። አባትየው ለባለሙያው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ "ይሄድልኛል ወይ?"

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች የመንቀሳቀስ አቅም በአምስት ደረጃ ይከፈላል። ይሄ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ይሮጣል፣ ይዘላል፤ አምስተኛ ላይ ያለው አንገቱን ለማቅናት እንኳ ድጋፍ ይፈልጋል። በ2 ዓመቱ ያለድጋፍ መቀመጥ የቻለ ልጅ ብዙ ጊዜ ይራመዳል። በ5 ዓመቱ ደግሞ ልጆቹ ከትልልቅ እንቅስቃሴ አቅማቸው አብዛኛውን ደርሰውበታል። ባለሙያው ይሄን ሁሉ ቁጥር አልነገረውም። "በእግሩ የሚሄድ አይመስለኝም አባቴ" አለው። "ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከእናንተ ጋር መሶብ ላይ ይቅረብ። እሱን እንሥራ።"

አባትየው ዝም ብሎ ቆየ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን አለቅስ ነበር ይሆናል። እሱ ግን "ወንበሩ በምን ይሠራል?" አለ። ወንድሙ አናጢ ነው። ባለሙያው በወረቀት ሣለለት፤ ጉልበት ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍበት፣ እግር የሚያርፍበት፣ ደረት ላይ የሚያልፍ ቀበቶ፣ በግራና በቀኝ የጭንቅላት መደገፊያ። ሜትር አልነበረም። አባትየው ከጋቢው ጥለት አንድ ክር መዘዘና የልጁን ጀርባ፣ ጭን፣ ባት ለካ፤ በእያንዳንዱ ልክ ላይ ቋጠሮ ቋጠረ። ክሩን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ልጅ እንዲሄድለት ተስሎ ከሸዋ ሮቢት የወጣ ሰው ወንበር ለክቶ ሲመለስ ተስፋ ቆረጠ ትሉታላችሁ? እኔ አልለውም። በጀርባው የተንጋለለ ልጅ ጣሪያ ነው የሚያየው። ምግቡም ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሰው ያያል፣ ሲስቅ ይስቃል፣ እጁን ወደ ዕቃ ይሰዳል። እግር ብቻ አይደለም እንቅስቃሴ።

ደህነኞቹስ?

ከሚጣ ጋር መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ተበላሽቷል፤ ደህና የሚባሉትንም ልጆች መመርመር ጀምሬያለሁ። ኮንዶሚኒየም ያለ ጓደኛዬ ልጅ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ስልክ ከተሰጠው ሶፋ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። "ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም" ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የዚያ ዕድሜ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይም ታስሮ መቀመጥ የለበትም። ጨዋነቱ ያሳስበኝ ጀመር።

ያቺ ጎማ ያላት፣ ሕፃኑ መሃሏ ገብቶ የሚንሸራተትባት መራመጃም አለች። ለልደት የሚሰጣት ብዙ ነው። መራመድ ታስተምራለች ብለን እንገዛለን። አታስተምርም፤ ልጁ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ይበራል እንጂ ሚዛን አይጠብቅም፣ አይወድቅም። ከደረጃ ጋር ደግሞ አደጋ ናት። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጯን ከልክላለች።

ጭቃ የሚያቦካ ልጅ በከተማ ጠፋ። ገጠር ያለው የጭቃ በሬ ይሠራል፣ ወንጭፍ ይገምዳል፣ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻል። የእጁ ጡንቻ እዚያ ይበስላል። የኛዎቹን ገና በ3 ዓመታቸው እርሳስ አስጨብጠን "ሀ" ጻፉ እንላለን፤ ጽሕፈታቸው ሲያስቀይም ደግሞ ልጁ ሰነፍ ይባላል። በሌላ በኩል ጭቃውም ሜዳውም ኖሮት እጁ የማይታዘዘው ልጅ አለ። ቁልፍ መቆለፍ፣ ኳስ መቅለብ፣ መስመር ጠብቆ መጻፍ ያቅተዋል፤ አእምሮው ግን ንቁ ነው። ዴቨሎፕመንታል ኮኦርዲኔሽን ዲስኦርደር ይባላል። ከ100 ልጅ አምስት ስድስቱ ላይ አለ ተብሎ ይገመታል፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ገደማ መሆኑ ነው። እነዚህ ልጆች ዊልቸር የላቸውም፣ ማንም አያዝንላቸውም። "ዝርክርክ" ተብለው ነው የሚያድጉት።

ሚጣ ደግሞ የተገላቢጦሹ ደርሶባታል። ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሲሮጡ እሷ ዳር ቁጭ ብላ ሹራባቸውን ትጠብቃለች። አስተማሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ "ትወድቅብኛለች" ብሎ ነው። መውደቅማ ትውደቅ እንጂ! ሜዳው ሣር ነው። ቅልብልቦሹን ከጎረቤት ሴቶች ልጆች ጋር በራሷ ሕግ እየተጫወተች ነው፤ አንዷን ጠጠር ወርውራ እስክትቀልብ ሁለቴ መሬት ብትነጥር ይፈቀድላታል፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው ያወጡላት። ልጆች ያወጡትን ሕግ ትምህርት ቤት ማውጣት ያቃተው ለምንድነው?

ሰኞ ሄጄ አስተማሪውን ላነጋግረው ነው። ሩጫው ላይ ትግባ፣ ትጨርስ፣ ኋላ ትምጣ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም። እናቴ ይሄን ስትሰማ "እኔም እሄዳለሁ" ብላለች። እሷ ከሄደች፣ አስተማሪውን አያድርገኝ።